በቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ የቀረው ሰው

አንድ የቆርቆሮ ነጋዴ ነበረ፤ አቶ ዘርጋው ይባላል። መጋዘኑ ከመስፋቱ የተነሣ በፊት ለፊቱ በር የገባች እርጉዝ ድመት በጓሮው በር ስትወጣ የልጅ ልጆቿን አስከትላ ነበር ይባላል። ቆርቆሮ ሲራገፍ ደግሞ ወንዝ ማዶ ያሉ ገበሬዎች ነጎድጓድ መስሏቸው እህላቸውን ከአውድማ ያነሡ ነበር። ይህ ግነት ነው የሚል ካለ፣ እሱ ሰው ቆርቆሮ ገዝቶ አያውቅም።

በዚያች የገበያ ከተማ ንግዱን በኮምፒውተር ያስያዘ የመጀመሪያው ሰው አቶ ዘርጋው ነው። ፕሮግራሙን የጫነለት ባለሙያ «በማን ስም ይከፈት?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «በማን ይሆናል? ቤቱ የማን ነው?» ብሎ መለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገንዘብ ተቀባይዋም፣ መጋዘን ጠባቂውም፣ ሻጩም ሁሉ ፕሮግራሙን የሚከፍቱት በእሱ ስም ሆነ። ጠዋት ጠዋት ማሽኑ ሁሉንም «እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ዘርጋው» ብሎ ይቀበላል። ማታ ሲዘጉትም «ደህና ይሁኑ፣ አቶ ዘርጋው» ብሎ ይሸኛል። ገንዘብ ተቀባይዋ ዝናሽ ሰላምታ ሳይመልሱ ማለፍ ነውር ሆኖባት፣ ጠዋት ጠዋት «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለው ነበር።

አቶ ዘርጋው አንድ ቀን ከቢሮው እንደ ወጣ ታመመና ሳይመለስ ቀረ። ቤቱ ለልጁ ለውብአንቺ ተላለፈ። ውብአንቺ አባቷን እንደ ዓይኗ ብሌን የምትወድ ሴት ነበረች። ከቀብር መልስ የቢሮውን በር ቆለፈችና፣ «አባቴ ያስቀመጠውን ማንም እንዳያነሣ፣ የከፈተውንም ማንም እንዳይዘጋ» ብላ አዘዘች። መብራት በሄደ ቁጥር ክፍሉ እንዳይጨልምበት ብላ ደግሞ በሬ የሚያህል ባትሪ አስገባችለት። ቁልፉን ከአንገቷ ማተብ ጋር አሰረችው። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው በዚያ በር ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አንዳንዱም ባርኔጣውን ያወልቃል። ውሎ አድሮ ክፍሉ ከቢሮ ተራ ወጥቶ እንደ መቃብር ቤት ተቆጠረ።

ክረምቱ ሲቃረብ ችግር መጣ። ውብአንቺ በከተማይቱ ዳርቻ ሌሎች መጋዘኖችን ከፍታ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ያለውን ሌላው አያውቅም። ቤቱ ሊያፈስበት ያለ ሰው ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው ሲመላለስ ጫማው ያልቃል። ቆርቆሮውን ያገኘ ዕለት ጣሪያውን ትቶ ጫማ ሊገዛ ይሄዳል። ስለዚህ ውብአንቺ መጋዘኖቹን እርስ በርስ የሚያገናኝ ተጨማሪ ፕሮግራም ገዛች። ይኸኛው ለብቻው አይሠራም፤ በዋናው ፕሮግራም ላይ ይቀጠላል እንጂ። ሠራተኞቹም ከጭነት መኪናዎች ጋር የኖሩ ናቸውና ስም ለማውጣት አልተቸገሩም። «ተጎታቹ» አሉት።

ተጎታቹን በደስታ ያልተቀበለ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም መጋዘን ጠባቂው ጋሽ መንበሩ ነው። ጋሽ መንበሩ ከአቶ ዘርጋው ጋር የመጀመሪያዋን ቆርቆሮ የተሸከመ ሰው ነው። ውብአንቺንም በልጅነቷ የገበያውን ጭቃ በትከሻው አሻግሯታል። ቀልደኛ ነው፤ አፉ ግን አጥር የለውም። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «እኔ በዚህ መጋዘን እያለሁ ተጎታች አይገባም» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ውብአንቺም ሳቀች፤ ቃሉ ግን ጆሮዋ ውስጥ ቀረ።

ተጎታቹን ሊቀጥል የመጣው ባለሙያ ሚልክያስ ይባላል። ጣቶቹ ከመፍጠናቸው የተነሣ የኮምፒውተሩ ፊደላት ከተነኩ በኋላ ነበር መነካታቸውን የሚያውቁት። በውብአንቺ ቢሮ፣ ሁሉም ማሽኖች በሚገናኙበት በዋናው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠና ሥራውን ጀመረ። ማሽኑ መጀመሪያ ቦታ ጠበበኝ አለ። ሚልክያስ ቢፈትሽ የዝናሽ እህት የሠርግ ቪዲዮ፣ ከሚዜዎቹ ጭፈራ እስከ መልሱ፣ ሙሉ በሙሉ ተቀምጦ ተገኘ። ዝናሽ አፍራ ወሰደችው። ቀጥሎ ማሽኑ ዋናው ፕሮግራም አርጅቷል አለ፤ አደሱት። ደግሞ የባለቤቱ ፈቃድ ይምጣልኝ አለ፤ ውብአንቺ ፈቀደች። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ሣጥን የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ብቅ አለች። ሚልክያስ «እሺ» የሚለውን ተጫነ። ሣጥኗ ጠፍታ ተመለሰች። አሁንም «እሺ» አላት፤ አሁንም ተመለሰች። በመስኮት ሲያባርሯት በበር እንደምትገባ ዶሮ ሆነችበት።

የእኛ ሰው እሺ ለማለት አይቸገርም። የሚቸገረው የተባለውን ለመስማት ነው። ውብአንቺ ከኋላው ቆማ ብዙ ካየች በኋላ ትከሻውን ነካ አደረገችውና፣ «ቆይ እስቲ ወንድሜ፣ ምን እያለህ ነው እሺ የምትለው?» አለችው።

ሚልክያስ ጣቶቹን ሰበሰበ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አነበቡ። ሣጥኗ እንዲህ ትል ነበር፦ «ዘርጋው ውስጥ አለ። ሳይወጣ መቀጠል አይቻልም።»

ዝናሽ አማተበች። ውብአንቺ ወንበር ሳበች። የቆርቆሮ መቁረጫው ከግቢው እንደ ልማዱ ይጮኽ ነበር። ከድንጋጤዋ ቀጥሎ ግን ውብአንቺን ሌላ ነገር ያዛት፤ የማወቅ ጉጉት። ማን ነው ውስጥ ያለው?

ሚልክያስ ነገሩን አስረዳ። አንድ ሰው ዋናውን ፕሮግራም ከፍቶ እየሠራበት ከሆነ ሌላ ነገር ሊጨመርበት አይችልም፤ መኪናው እየሄደ ተጎታች አይቀጠልምና። የሚከፍተው ሰው ሁሉ ደግሞ በሟቹ ስም ስለሚከፍት፣ ማሽኑ ዝናሽንም ሻጩንም «ዘርጋው» ነው የሚላቸው። ስለዚህ ከቤቱ ሰዎች አንዱ ሳይዘጋ ቀርቷል ማለት ነው።

ሁሉም እየሄደ ማሽኑን ዘጋ። ሣጥኗ ግን «ዘርጋው ውስጥ አለ» ማለቷን አልተወችም። ዳግመኛ ዘጉ፤ አንዱም ሌላው መዝጋቱን በዓይኑ ሊያይ ሄደ። ዘርጋው አልወጣም። ዝናሽ ጠበል ይረጭ የሚል ሐሳብ አቀረበች። ሻጩ ማሽንና ጠበል አይስማሙም ብሎ ተከራከረ፤ እሷም የማይስማሙትማ ማሽኑ ውስጥ ያለው ነገር ርኩስ ከሆነ ነው ብላ አፉን አስዘጋችው።

ሚልክያስ፣ «እትዬ ውብአንቺ፣ በግድ ላስወጣው እችላለሁ» አላት። «ግን የጀመረው ሥራ ካለ ይበላሻል።»

«አባቴን ከገዛ ቤቱ በግድ አታስወጣም» አለች።

«አባትዎ እኮ አይደሉም። ስማቸው ነው።»

«ስሙንም ቢሆን» አለችው።

ይህን ካለች በኋላ አሰበች። ሰው ሁሉ ዘግቷል። መጋዘኑ ግን ከቢሮዎቹ ሩቅ ነው። እዚያ ዘግቶ መልሶ የሚከፍት ሰው ቢኖር ማን ያየዋል? ያን ጊዜ ጆሮዋ ውስጥ የቀረው ቃል ተነሣ፦ እኔ በዚህ መጋዘን እያለሁ ተጎታች አይገባም። ጥርጣሬ እንደ ምስጥ ነው፤ ሲገባ አይታይም፣ ሲታይ ግን ምሰሶውን ጨርሶታል። ጋሽ መንበሩን አስጠራችው።

ጋሽ መንበሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ሰዎቹን ሁሉ ቆመው ሲያይ ቀልድ ሊጀምር አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ዘጋው።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለችው። «ፕሮግራሙን እየከፈትክ የምታስቸግረን አንተ ነህ?»

«እኔ?»

«አይገባም ብለሃል። በሰው ፊት ነው ያልከው።»

ጋሽ መንበሩ በወጣትነቱ ሰባት ሰው የማያነሣውን የቆርቆሮ እስር ለብቻው ያነሣ ነበር ይባላል። ያችን ቃል ለማንሣት ግን አቅም ያጣ ይመስል ነበር። ከወገቡ የመጋዘኑን ቁልፎች ፈታና ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው።

«ውቢት» አላት፤ እንዲህ ብሎ የሚጠራት እሱና አባቷ ብቻ ነበሩ። «እኔ ሰውን ፊት ለፊት እቃወማለሁ እንጂ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ በር አልይዝም። ፈልጊው። ስታገኚው ግን ጥሪኝና እኔም ልየው።»

ይህን ብሎ ካፖርቱን ሊያነሣ ወጣ። ውብአንቺ አልመለሰችውም። ልትመልሰው ፈልጋ ነበር፤ ግን የተናገረችውን መልሳ ለመዋጥ ቢያንስ አንድ ማስረጃ ያስፈልጋት ነበር። ስለዚህ ቁልፎቹን እያየች ተቀመጠች።

በዚህ መካከል መብራት ሄደ።

በሌላ ቀን ቢሆን መብራት ሲሄድ ሁሉም ፀሐይ ሊሞቅ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ውብአንቺም ጭምር። በዚያ ቤት መብራት ሄዶ ቢሮ ውስጥ የቀረ ሰው ታይቶ አያውቅም። ዛሬ ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም። የዝናሽ ማሽን ድርግም ብሎ ነበር፤ የሻጩም እንዲሁ፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለውም። ዋናው ኮምፒውተር ብቻ ለጥቂት ጊዜ በምታቆየው ትንሽ ባትሪ በርቶ ቀረ። ሚልክያስ ተጎታቹን እንደገና ሞከረው። ሣጥኗ ብቅ አለች። «ዘርጋው ውስጥ አለ።»

«የጋሽ መንበሩ ማሽን ጠፍቷል» አለ ሚልክያስ ቀስ ብሎ። «የሁሉም ጠፍቷል። ጠፍቶ ፕሮግራም የሚከፍት ማሽን ደግሞ የለም።»

ውብአንቺ ፊቷ ነደደ። ቢያንስ የአንዱ ሰው ንጽሕና በጨለማ ተገልጦላት ነበር። ጥያቄው ግን አሁንም ፊት ለፊቷ ቆሟል። ሁሉም ማሽን ከጠፋ፣ ማን ነው ውስጥ ያለው? በምንስ ብርሃን?

የቆርቆሮ መቁረጫውም ከመብራቱ ጋር ቆሞ ስለነበር ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ያልታወቀ ጸጥታ ወረደ። ጸጥታው ከመጥለቁ የተነሣ ሚስማር በሣጥኑ ውስጥ ሲዝግ ይሰማ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ አንድ ትንሽ ድምፅ መጣ።

ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።

ዝናሽ ሌላ ጊዜ ያማተበችውን ሁሉ የሚያካክስ ማማተብ አማተበች። ሚልክያስ ግን ድምፁን አወቀው። «ይኼ የባትሪ ድምፅ ነው፤ መብራት ሲሄድ ነው የሚጮኸው። ከግድግዳው ማዶ ምን አለ?»

 ሁሉም ውብአንቺን አየ። እሷም እጇን ወደ አንገቷ ሰደደችና ማተቧ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ጨበጠች። ያ ክፍል ቢሮ እንደነበረ፣ ቢሮ ውስጥም ማሽን እንደሚኖር ለመጀመሪያ ጊዜ ያስታወሰች ያህል ቆመች። ከዚያም ወደ ዝናሽ ዞረች።

«ሩጪ» አለቻት። «ጋሽ መንበሩን ከበሩ መልሺው። ተገኝቷል በዪው።»

ጋሽ መንበሩ ካፖርቱን በክንዱ እንደያዘ ተመለሰ።  ውብአንቺ ቁልፉን ከማተቧ ሳትፈታ አንገቷን ወደ መቆለፊያው ዘንበል አድርጋ በሩን ከፈተች። በሩ በጣም ስላኮረፈ በትከሻ እስኪለመን ድረስ አልከፈት አለ። ውስጥ ጠረጴዛው፣ መነጽሩ፣ ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለው ጋቢ፣ ሁሉም እንዳለ ነበር። አቧራው ጎመን ቢዘሩበት የሚያበቅል ይመስላል። በመካከል ማሽኑ በርቷል። ከተከፈተ ጀምሮ አልጠፋም።

ውብአንቺ በእጅጌዋ የማሽኑን መስኮት ጠረገችው። ፕሮግራሙ ላይ አንድ ጥያቄ ተጽፎ ነበር። «መውጣት መርጠዋል። እርግጠኛ ነዎት?» ይላል። ከበታቹ «አዎ» እና «አይ» ጎን ለጎን ቆመው መልስ ይጠብቃሉ።

 ጋሽ መንበሩ ወደ ክፍሉ መስኮት ጠቆመ።

«ያን ዕለት ምሳ ደርሷል ብዬ በዚህ መስኮት ጠራሁት» አለ። «‹ዘግቼ መጣሁ› አለኝ። ከዚያ ደረቱን ይዞ ወጣ። ሳይዘጋው እንደወጣ አላወቅሁም።»

ውብአንቺ ጥያቄውን ደግማ አነበበችው። አባቷ ሊወጣ ነበር። በገዛ እጁ መውጣት መርጦ፣ አንዲት ቃል ብቻ ቀርታው ነበር። ማሽኑም እንደ ጨዋ ደጅ ጠባቂ ያችን ቃል ይዞ እስካሁን ቆሟል። እሷ ደግሞ በሩን ቆልፋ፣ ባትሪ አስገብታ፣ ክረምቱ ሲቃረብ ማን ነው ውስጥ ያለው እያለች ሰው ትከስሳለች።

«ያስቀረሁት እኔ ነኝ» አለች።

ሚልክያስ እጁን ሊዘረጋ ሲል ጋሽ መንበሩ ክንዱን ያዘው። «ተው ልጄ። ይኼ ያንተ ሥራ አይደለም።»

ውብአንቺ በአባቷ ወንበር ተቀመጠች።  «አዎ» የሚለውን ተጫነችው። ማሽኑም ለሁሉም ሰው ማታ ማታ የሚለውን አለ፦ «ደህና ይሁኑ፣ አቶ ዘርጋው።» ያን ሰላምታ የቤቱ ሰው ሁሉ ስንት ጊዜ እንዳየው አይቆጠርም። ለባለቤቱ ሲደርስ ግን ያየ አልነበረም። 

መብራት እንደ መጣ ተጎታቹ ቅቤ እንደተቀባ ገመድ ሾልኮ ገባ። ሚልክያስ ብቅ በምትል ሣጥን ሁሉ ላይ «እሺ» የሚለውን ከመጫኑ በፊት፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቃል በቃል ሲያነብ ታየ። ከተማይቱ ማዶ ያለው መጋዘን የሚስማሩን ብዛት ለዚህኛው ነገረው፤ ይኸኛውም የቆርቆሮውን ነገረው። ሁለት ጎረቤታሞች ከብዙ ዓመት ኩርፊያ በኋላ እንዲህ አልተጨዋወቱም።

ውብአንቺ ግን ይህን አላየችም። የመጋዘኑን ቁልፎች ከጠረጴዛዋ አንሥታ፣ የአባቷን ክፍል ቁልፍ ከማተቧ ፈትታ ጨምራ፣ ወደ ጋሽ መንበሩ ሄደች። ጉልበቱን ልትስም ዝቅ ስትል በክርኗ ይዞ አነሣት።

«በሰው ፊት ነው ያዋረድኩህ፤ በሰው ፊት ይቅር በለኝ» አለችው።

ጋሽ መንበሩ ቁልፎቹን በእጁ መዘናቸው። «እኔ የተናገርኩትን አላጥፍም» አለ። «እኔ እያለሁ ተጎታች አይገባም ብዬ ነበር። ገባ። እንግዲህ ሞቻለሁ ማለት ነው። በሉ ተዝካሬን አሁኑኑ አብሉኝ፤ ርቦኛል።»

ምሳው በአቶ ዘርጋው ቢሮ ተበላ፤ መስኮቱ ተከፍቶ፣ አቧራው ተጠርጎ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሠራተኛ ፕሮግራሙን በየራሱ ስም ይከፍታል። በመጀመሪያው ጠዋት ማሽኑ «እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ ዝናሽ» ቢላት፣ ነጠላዋን አስተካክላ ከወንበሯ ብድግ አለች ይባላል።

እነሆ ትምህርቱ። አዲስ ነገር ወደ ቤታችን አልገባ ሲለን፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመን የምንከስሰው አፉን የከፈተውን ሰው ነው። ነገር ግን አፉን የከፈተ በር አይዘጋም። በር የሚዘጋው እኛው በፍቅር ቆልፈን፣ ቁልፉንም ከአንገታችን ጋር አስረን የረሳነው ክፍል ነው። የሞተን ማክበር መልካም ነው። ሊወጣ ተነሥቶ የነበረውን ግን «አይ» ብሎ ማስቀረት ማክበር አይደለም። ደግሞም ሰው ሲናገረንም ሆነ ማሽን ሲናገረን፣ «እሺ» ከማለታችን በፊት የተባለውን እናንብብ። እውነቱ ብዙውን ጊዜ ፊት ለፊታችን ተጽፎ፣ በጣታችን እየገፋነው ነው የሚመላለሰው።

ይህን ያነበበ ሰው መብራት ሲሄድ ወደ ደጅ አይሩጥ፤ ጥቂት ዝም ብሎ ያዳምጥ። ከእርስዎስ ግድግዳ ማዶ፣ «አዎ» የምትለዋን አንዲት ቃል እየጠበቀ እስካሁን የቆመ ማን አለ?